በሁለት ስለ ተቀደደው ጋቢና ስለ ትንሹ ቴአትራችን

ሰው በቤቱ ውስጥ ያደረገውን ነገር ሌላ ሰው በአደባባይ ሲያደርገው ባየ ጊዜ፥ አንድም ይስቃል፥ አንድም ያፍራል። የቴአትር ኃይል በነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ መሆኑን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሸዋ ሮቢት ከተማ፥ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፥ አንድ አባት የሁለት ልጆቹን እጅ ይዞ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲወጣ ባየሁባት ምሽት ነው። በዚያች ምሽት ያፈረው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሱ ይልቅ ያፈርሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ከቤት ተነሥቶ ወደ ቤት የተመለሰ ስለ ሆነ፥ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ላይ ለተከበራችሁ አንባቢዎች ልጽፈው ወደድሁ።

እኔ በፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሓፊ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከአርባ ዓመት አልፏል። ፊደል የቈጠርሁትና ዳዊት የደገምሁት በደጋው፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ጥቂት ጊዜም በቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ። የምኖርባት ሸዋ ሮቢት፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የይፋት ቆላ ከተማ ናት። መንገደኛ ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን በወረደ መጠን ጋቢውን ከትከሻው እያወረደ ይደርስባታል። ማሽላና ማሾ፥ ሽንኩርትና ማንጎ የሚበቅልባት፥ በገበያዋም አማራውና አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝባት ናት።

በ2011 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ሆነን አንድ ትንሽ የቴአትር ማኅበር አቋቋምን። ከሰባቱ ሁለቱ መምህራን፥ አንዷ ነርስ፥ አንዱ ልብስ ሰፊ፥ ሁለቱ የእርሻ ልጆች ነበሩ፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ስብሰባችን የተነሣው ጥያቄ የምን ጨዋታ እንጫወት የሚል ነበር። አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ታይቶ የተወደደውን አንዱን ጨዋታ ገልብጠን እናጥና አሉ። እኔ ግን በመካከላቸው ተነሥቼ፥ «አዲስ ካልጻፍን አንጀምር» አልኋቸው።

ይህን ያልሁበትን ምክንያት ልግለጽ። በቅኔ ቤት ሳለሁ የጓደኛውን ወይም የትናንቱን ቅኔ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ያፍር ነበር፤ ቅኔ ለዕለቱ ታስቦ፥ ለዕለቱ ተቈጥሮ ይቀርባል እንጂ እንደ ደረቅ እንጀራ ለነገ አይቀመጥምና ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ግን የገና በዓል በመጣ ቍጥር ያንኑ የእረኞችን ጨዋታ እንጫወት ነበር፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ እረኛ ሆንሁ። በሦስተኛው ዓመት አፌን ከመክፈቴ በፊት ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት ቃሌን ቀድመው ተናገሩልኝ፤ ሕዝቡም ሳቀ። በዚያን ቀን ሁለቱ ትምህርት ቤቶቼ በልቤ ተከራከሩ፤ የቅኔ ቤቱም ረታ።

ደግሞም የአገራችን ቴአትር የተነሣው በሰው ድርሰት አይደለም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በአዲስ አበባ ሰው ቴአትር እያለ የሚሰበሰብበት ነገር ዘፈንና ጭፈራ ብቻ መሆኑን ተመልክተው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚባለውን ጨዋታ ጻፉ፤ ይህም ከሆነ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። የቅኔው ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ለተማሪዎቻቸው ጨዋታ ሲያዘጋጁ፥ የሚያዘጋጁት የራሳቸውን አዲስ ድርሰት ነበር። በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትም፥ አገር ወለድ ደራሲዎችን ያሳደጉ ናቸው። መንግሥቱ ለማና ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የቅኔን ጣዕም ወደ መድረክ ያመጡ ናቸው። ከእኛው ከሰሜን ሸዋ፥ ከመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤልም እንደ እኔ የሚስዮን ትምህርት የቀመሱ ሰው ነበሩ፤ «የትንቢት ቀጠሮ» የሚባለውን ጨዋታ በ1938 ዓ.ም. አሳትመዋል። እነዚህ ሁሉ ጻፉልን፤ ነገር ግን በሮቢ ወንዝ ዳር የመስኖ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ሊጽፍ የሚችለው፥ እዚያ ያደረ ሰው ነው።

በሌላ አገርም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ አገር ፕሮቪንስታውን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ጥቂት ወዳጆች ተሰብስበው አዲስ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ የተጫወቱት በአንዲት ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ ኋላም በዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ። ኋላ ስሙ በዓለም የተሰማው ዩጂን ኦኒል የመጀመሪያው ጨዋታ የታየለት በዚያ ነው። እነርሱ የዓሣ መጋዘን ካልናቁ፥ እኛ የማሽላ መጋዘን ስለ ምን እንንቃለን ብለን ተጽናናን።

መጋዘኑን በነጻ ያዋሰን አንድ ነጋዴ ነው፤ እህል ሲገባበት እንለቅለታለን። ስለዚህ የጨዋታ ዘመናችን የሚወሰነው በማሽላው ነው፤ መጋዘኑ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ እንጫወታለን፥ አዝመራው ሲገባ እንጽፋለን። ክረምት በሆነ ጊዜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ቃል አይሰማም፤ ተዋናዮቻችን እስኪያባራ ድረስ ባሉበት ሆነው ዝም ብለው መቆምን ለመዱ። መጋረጃችን የባለቤቴ 2 አንሶላዎች ናቸው። ስታውሰኝ፥ «ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኋቸው ናቸው፤ ይኸው እንግዳው መጣ» ብላ ሳቀች። የመግቢያው ዋጋ 10 ብር ነበር፤ ያላገኘ ሰው ግን የሚቀመጥበትን በርጩማ ይዞ ከመጣ ያለ ክፍያ ይገባ ነበር፤ ወንበር አልነበረንምና።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ነገር በገዛ ቤቴ የተነሣው ነው። የመጀመሪያይቱ ልጄ በዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በጨዋታው ውስጥ የእናትን ድርሻ እኔ ልጫወት አለች። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ፥ «የልጅ ልጄን አዝማሪ ልታደርጋት ነውን? ይህን ልታሳየኝ ነው ከደጋ ያመጣኸኝ?» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የእናቴ ቍጣ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ቀድሞ በአገራችን መድረክ የሴቶችን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች እንደ ነበሩ፥ ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መታየቷም ለቤተሰብ እንደ ነውር ይቈጠር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እኔም ለልጄ እሺም እንቢም አላልሁም። እርስዋ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ፥ ቡና ሲፈላ በአያቷ ፊት ተነሥታ የጨዋታውን ቃል አሰማች፤ ልጆችዋ የተጣሉባት እናት ሆና ጮኸች። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ አየቻትና፥ «እንዲህ አይደለም፤ ልጆችዋ የከፉባት እናት አትጮህም፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች» አለቻት። ልጄም ዝቅ አድርጋ ደገመችው። ከዚያ ማታ ወዲህ እናቴ የጨዋታችን አስተማሪ ሆነች፤ አዝማሪ የሚለውንም ቃል ዳግመኛ አላነሣችም።

እንግዲህ ወደ ጋቢው ነገር ልመለስ። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ሰው በመስኮቴ ፊት ይቆማል፤ ተራውን ሲጠብቅም ለዳኛ የማይናገረውን ለእኔ ይነግረኛል። ከነዚህ አንዱ ከወንድሙ ጋር በመሬትና በመስኖ ውኃ ተራ የሚከራከር ገበሬ ነበር። አንድ ቀን መዝገቡን ስፈልግለት፥ በመስኮቱ ላይ ተደግፎ፥ «የአባታችንን ጋቢ እንኳ ሳይቀር በመቀስ ከሁለት ቀድደን ተካፈልን፤ ለእርሱም ለእኔም የሚያሞቅ አልሆነም» አለኝ። ይህ ቃል በመዝገብ የገባ አይደለም፤ ለእኔ የተሰጠ አደራ ነበር። እኔ ግን በዚያው ሳምንት በራት ላይ ለቤተሰቤ አወራሁት፤ የሰውየውን ስም ስላልጠራሁ ያልበደልሁ መሰለኝ። በማዕዱ ላይ ከመምህራኑ አንዱ፥ የማኅበራችን ደራሲ፥ ተቀምጦ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈውን ጨዋታ አነበበልን፤ በፍጻሜውም ወንድማማቾቹ የአባታቸውን ጋቢ ከሁለት ይቀድዱታል። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ።

ጨዋታው የታየባት ምሽት መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። ተዋናዮቹ ጋቢውን አውጥተው መቀሱን ባነሡ ጊዜ፥ በአንድ ወገን የተቀመጡ የአንድ መንደር ሰዎች ራሳቸውን ወደ ኋላ መለሱ። እኔም የተመለከቱትን ተመለከትሁ፤ ያ ገበሬ ከሁለት ልጆቹ ጋር በመካከላችን ተቀምጧል። ለካ የጋቢውን ነገር ጎረቤት ያውቀው ኖሯል። ሰውየው አልተቈጣም፥ አልተናገረምም፤ ልጆቹን ግራና ቀኝ በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ። ጨዋታው አለቀ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ግን በጆሮዬ እንደ ዝናቡ ሆነብኝ፥ ቃል የማይለይበት።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቴአትር ሰውን የሚያስቈጣ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርሁ። በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ፥ አቢ በሚባለው ቴአትር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 የአገሬውን የገጠር ሰው ኑሮ የሚያሳይ የጆን ሲንግ አዲስ ጨዋታ በታየ ጊዜ፥ ሕዝቡ «ስማችን ጠፋ» ብሎ በአዳራሹ ውስጥ ሁከት አነሣ። ሆኖም ቴአትሩ ቆመ፥ ጨዋታውም ስሙ ገነነ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት በጨለማው ውስጥ፥ «እነዚያ የተቈጡት ሁሉም በአንድነት ነው፤ ይህ ሰው ግን ብቻውን ነው የወጣው። ጋቢው ደግሞ የእርሱ ነው እንጂ የአንተ አይደለም» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ይዤ ወደ ሰውየው ቤት ሄድሁ። ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠን፤ ውኃም ሰጠን። ይቅርታ ስለምነው አቋረጠኝና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ ጋቢውን መቅደዴ እውነት ነው፤ አገር ቢያውቀው ግድ የለኝም። ነገር ግን ልጆቼ የአያታችን ጋቢ የት ደረሰ ብለው በጠየቁኝ ቍጥር፥ ከእርሱ ጋር ተቀብሯል እያልሁ ነበር የምነግራቸው። እውነቱን የሰሙት ከእኔ አይደለም፥ ከእናንተ መድረክ ነው። የሚነገርበትን ቀን መምረጥ የእኔ ፈንታ ነበር።» ሽማግሌው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። እርሱም፥ «ጋቢዬን ይመልሱልኝ» አለ። ካሣም ሌላም አልጠየቀም።

ለማኅበሩ ነገሩን በገለጽሁ ጊዜ ክርክር ሆነ። ደራሲው፥ «ጋቢው ከወጣ ጨዋታው ምን ቀረው?» ብሎ አዘነ፤ እውነትም ነበረው፤ በጨዋታው ውስጥ ያለ ሕያው ነገር እርሱ ነበርና። በዚያን ጊዜ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ነገር ትዝ አለኝ። እኒያ ሰው የመኳንንቱን ነገር በአውሬዎች አፍ ያናገሩት፥ እውነቱን ለመደበቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ማንም ሰው በጣት ሳይጠቈም ሁሉም ራሱን እንዲያገኝ ነው። ምንም እንኳ ይህን ቢያደርጉ፥ ያዩት መኳንንት ነገሩን ተረድተውታልና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው ተከለከለ። ለቅኔ ቤት ልጅ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ለሁሉ ይታያል፥ ወርቁን ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይፈታዋል። ሰሙ የአንድ ሰው ጋቢ የሆነ እንደሆነ ግን ያ ሰው ራቁቱን ይቀራል።

ደራሲያችን ሁለት ሳምንት ዘግቶ ጻፈ። ወንድማማቾቹ ሁለት ዝንጀሮዎች ሆኑ፤ ከአባታቸው የወረሱትም አንዲት የማንጎ ዛፍ ሆነች። እኩል ካልተካፈልን ብለው ከጫፏ እስከ ሥሯ በመጥረቢያ ሰነጠቋት፤ ዛፏም ደረቀች። ልጄ የዝንጀሮዎቹ እናት ሆና፥ አያቷ እንዳስተማረቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ሕዝቡ መጥረቢያው እስኪነሣ ድረስ ሲስቅ ቆይቶ፥ መጥረቢያው ሲያርፍ ጸጥ አለ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች፥ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፥ በየቀኑ ወደ መስኮቴ መጡና፥ «ያ ዝንጀሮ እኔ ነኝ አይደለምን?» ብለው ጠየቁኝ፤ አንዱማ ተቈጥቶ ነበር። ከሦስቱ አንዳቸውም የጋቢው ባለቤት አይደሉም። የጋቢው ባለቤት ከልጆቹ ጋር መጥቶ ጨዋታውን በበሩ አጠገብ ሆኖ አየ፤ እስከ ፍጻሜውም ተቀመጠ። ከወንድሙ ጋር ታርቆ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ከዚህ በኋላ ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፥ ደራሲ ከሰው ሕይወት ነገር ሲወስድ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ ማስፈቀድ የማይቻል ከሆነ ሰው የሚታወቅበትን ምልክት ይለውጥ። ሁለተኛ፥ አዲስ ጨዋታ ሕዝብ ሳያየው ሦስት ጊዜ ይነበብ፤ አንድ ጊዜ ለማኅበሩ፥ አንድ ጊዜ ለሽማግሌዎች፥ አንድ ጊዜ ለእናቶች። ሽማግሌዎች የሚያውቁት የተጣሉትን ነው፤ እናቶች ግን ሊጣሉ ያሉትንም ያውቃሉ። ሦስተኛው ደንብ የእኔ ብቻ ነው፤ በመስኮቴ የሰማሁት ነገር ከመዝገብ ቤት ጋር ይቈለፋል፥ ለማዕድም አይወጣም። ይህ ደንብ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራት ላይ ምላሴን ይዤ ዝም እላለሁ፤ ባለቤቴም ስለ ምን ዝም እንዳልሁ አውቃ ወጥ ትጨምርልኛለች።

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድሁ። በብርዱ አገር ብርድ ልብሱ ሲፈታ፥ የጨዋታዎቻችን ብቸኛ ቅጂ ያለበት ደብተር ከመካከሉ ወጣ፤ ባለቤቴ ማንንም ሳትጠይቅ ጠቅልላው ኖሯል። አንሶላዎቹ ግን በኋላ ቀርተው ጠፉ። ስንመለስ ከሰባታችን አምስት ተገናኘን። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ደብተሩን በሦስት እጅ መገልበጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቀኑ በፈቀደልን ጊዜ እንጫወታለን፥ ባልፈቀደልን ጊዜ እንጽፋለን።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ዞንና ወረዳ የምታስተዳድሩ፥ አዳራሽና መጋዘን በእጃችሁ ያለ ናችሁ። በየስፍራችሁ ወጣቶች መጥተው ባዶ ቤት አውሱን ያሏችሁ እንደሆነ አትከልክሏቸው፤ ነገር ግን የምትጫወቱት የማን ድርሰት ነው ብላችሁ ጠይቋቸው። የራሳችን ነው ካሉ ቍልፉን ስጧቸው፤ ደግሞም ታሪኩን ከማን እንደ ወሰዱትና ባለቤቱ መፍቀዱን ጠይቋቸው። እኔ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው በጊዜው ባገኝ ኖሮ፥ አንድ አባት ለልጆቹ በራሱ አፍና በራሱ ቀን ይነግራቸው ነበር።